እስከ አስራ ስድስት ዓመቱ

«ቅዳሜ ዕለት እኮ ብቻውን ወተት ገዝቶ መጣ!» አለች ቴገን፣ ስልኩ ላይ አጎንብሳ።

እናቷ ሊንዚ ድንች መላጧን አቆመች። ስልኩ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ድምፁ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ የደወሉት የመንግሥት ድጎማ መሥሪያ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ሃርግሪቭ ናቸው። የቴገን ወንድም ኮሪ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ድጎማው እንደሚሰጠው ተወስኗል። የቀረው ለስንት ጊዜ የሚለው ነው፤ ለሁለት ዓመት ወይስ አስራ ስድስት እስኪሞላው?

እዚህ ግሪምስቢ ከተማ ውስጥ እንደ ኮሪ ያለ ልጅ ያላት እናት ሁሉ አንድ ሕግ ታውቃለች፤ ለመሥሪያ ቤቱ የሚነገረው የልጁ ክፉ ቀን ነው። ደህናው ቀን ድጎማ ስለሚያሳጥር ለአክስትና ለጎረቤት ይቆያል። ቴገንም ሕጉ ጠፍቷት አይደለም። እናቷ «እስከ አስራ ስድስት ዓመቱ ቢሆንልን» ስትል ሰምታ ተናዳ ነው። እስከዚያ ድረስ አይለወጥም ማለት አይደል?

«ብቻውን?» አሉ ወይዘሮ ሃርግሪቭ።

ሊንዚ ስልኩን በእጇ ሸፈነች። «ምን ነካሽ አንቺ? ከሁለት ዓመት በኋላ ማመልከቻውን እንደገና ከዜሮ ልታስጀምሪኝ ነው? ባለፈው ምን እንደሆንኩ ረሳሽው?»

አልረሳችም። እናቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧ ከፍታ ታለቅስ ነበር።

«እውነቱን ነው የነገርኳቸው፣ እማ።»

«ቴገን፣ አለሽ የኔ ቆንጆ?» አሉ ወይዘሮዋ። «ሱቅ ሲሄድ አንቺ የት ነበርሽ?»

ቴገን ጆሮዋ ጋለ። «ከኋላው። የቆሻሻ ገንዳ ጀርባ ተደብቄ።»

«ለምን ተደበቅሽ?»

«ካየኝ እጅሽን ካልያዝኩ ብሎ ያብዳላ! ግን ግራ ቀኝ አይቶ ነው የተሻገረው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ የትምህርት እረፍቱን ሙሉ።»

«ጎበዝ! ከዚያ በኋላስ ሞከረ?»

ቴገን እሑድ የሆነውን ለማንም አልተናገረችም። ብትደብቀው ኮሪ ጎበዝ እንደሆነ ይቀራል። ግን ሴትዮዋ የሚወስኑት በእሷ ግማሽ ወሬ ነው።

«እሑድ... መሃል መንገድ ላይ የባሕር ወፍ ቺፕስ ስትበላ አየ። ቁጭ ብሎ ያወራት ጀመር። አውቶቡስ እየመጣ ነበር። ሮጬ ጎትቼ አወጣሁት።»

ሊንዚ አፏን ያዘች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች ቴገን። «ለስንት ጊዜ የሚለውን በምን ያውቁታል? እኔ አብሬው እየኖርኩ እንኳን አላውቅም።»

ወይዘሮዋ ሳቅ አሉ። «እኛም ጠንቋይ አይደለንም። አዲስ ነገር ይማራል ወይ አይደለም ጥያቄው፤ ይማራላ! ጥያቄው የሚረዳው ሰው የማያስፈልግበት ጊዜ ቅርብ ነው ወይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከኋላው የሚሄድ ሰው አያስፈልገውም ትያለሽ?»

ቴገን «አያስፈልገውም» ማለት በጣም አማራት። ከሁለት ዓመት በኋላ ቁመቱ ከሷ የሚበልጠውን ኮሪን አሰበች። ያም ኮሪ በሐሳቧ ወፏን ሲያይ መሃል መንገድ ላይ ቁጭ አለ።

«ያስፈልገዋል።»

«አስራ አምስት ሲሞላውስ?»

«ያኔም» አለች፤ እንባዋ መጣ። ወንድሟን አሳልፋ የሰጠችው መሰላት።

ወይዘሮ ሃርግሪቭ አመስግነው፣ ከኮሪ ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግረው እንደሚወስኑ ነግረው ዘጉ።

«አውቶቡስ?» አለች ሊንዚ። ልትቆጣት ፈለገች፤ ቁጣው ግን አልወጣላትም። ልጇን ስባ አቀፈቻት። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ የመንገድ ትምህርት የሚባል ነገር የለም።»

«አለ እንጂ» አለች ቴገን፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ። «ግን ከእንግዲህ አልደበቅም። አንቺም ነይና እይው።»

ኮሪን ከመኝታ ቤቱ ጠርታ ወጣች። ሊንዚ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ እጇን ታጥባ ተከተለቻቸው።

መንገዱ ዳር ሲደርሱ ኮሪ እንደለመደው የቴገንን እጅ ፈለገ። ቴገን እጇን ኪሷ ከተተችና አጠገቡ ቆመች።

«መጀመሪያ ንገረኝ» አለችው። «መኪና አለ?»

ኮሪ ወደ ግራ አየ። ወደ ቀኝም አየ፤ ቆየት ብሎ።

«አለ» አለ።

ሦስቱም ቆመው ጠበቁ።