ከበሩ ላይ የወደቀው አግዳሚ

አባይነህ የሞተው ሳንቃ ባልተገጠመለት በሩ ሥር ነው። በጥር ወር በጊዮርጊስ ዕለት፣ ቅዳሴው ሳያልቅ፣ ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር በላይ ያስዋቅረው በነበረው አዲስ ቤት መግቢያ ላይ የጥድ አግዳሚ ወድቆ ጭንቅላቱን መትቶት ተገኘ።

የአራዳ ዘበኛ አለቃ ግራዝማች እሸቴ ሲደርሱ ፍርዱ አልቆ ጠበቃቸው። የሟቹ ወንድም እምሩ የሸማውን ጫፍ ከአናጢው ከኑሪ ሸማ ጋር ቋጥሮ ቆሟል። በዘመኑ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ እንዲህ ተቆራኝተው አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር።

«ወንድሜን የበላው ይኸ ነው!» አለ እምሩ። «አላልቶ አስሮ ገደለብኝ። ደሜን ይስጡኝ!»

«ከአንተ ጋር የተቋጠረ ሰው የት ያመልጣል? ጉሮሮህን አሳርፈው፤» አሉ ግራዝማች።

ኑሪ ከጉራጌ አገር የመጣ ዝምተኛ አናጢ ነው። ከተፈረደበት ገመድ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሚስቱ ሸሪፋ ከአጥሩ ውጭ ሕፃኗን አቅፋ ቆማ ታየዋለች።

ግራዝማች ቁጢጥ ብለው አግዳሚው የታሰረበትን የዛፍ ቅርፊት ልጥ አነሡ።

«ይህን እንዴት ነው የምታስሩት?»

«እናርሰዋለን፣ ጌታዬ። እርጥብ እያለ እናጠብቀዋለን፤ ሲደርቅ እንደ ብረት ይይዛል። ከዚያ ወዲያ በእጅ የሚፈታው የለም። ተሳስተን ብናስር እንኳ በቢላ ቆርጠን ነው የምንጥለው።»

«ይህኛውን መቼ አሰርከው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ልጡ አልተቆረጠም። ከዚያም በላይ፣ ያ ሁሉ የጥር ፀሐይ እያለ ውስጡ ርሷል።

«ዛሬ አርሳችሁት ነበር?»

«ዛሬ ጊዮርጊስ አይደል? ጌታው ሥራ ከልክለው ማንም አልመጣ። የማራሻው ገንዳም ይኸው፣ ደርቋል።»

ግራዝማች ገንዳውን አዩት፤ የታችኛው ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ልጡን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ምን እንደሸተታቸው ለማንም አልተናገሩም።

ሌላም ነገር ዐይናቸውን ያዘው። ቤቱ መዋቀር ከጀመረ ወዲህ አባይነህ በርጩማውን ከበሩ ሥር አድርጎ፣ ቋሚ ሲተከል ማገር ሲመታ ሲያይ ይውል ነበር። አራዳም «አባይነህ በሚስቱ ላይ ግድግዳ አገባባት» እያለ ያሾፍበታል። አሁን ግን በርጩማው ከበሩ ርቆ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ማን አነሣው?»

«እንጃ። ትናንት ስንሄድ በሩ ሥር ነበር፤» አለ ኑሪ።

ግራዝማች ከዚያው ግቢ ወደ አሮጌው ቤት ዘለቁ። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አልጋነሽ እንስራ በተደረደረበት ግድግዳ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ይህ ሁሉ ጠላ ለምንድን ነው?»

«ለልጄ ለየሺዓለም ሠርግ ነበር። ‹ልጄን ከአዲሱ ቤቴ ካልሆነ አልድርም› ብሎ ምሎ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ክዳኑን ላድርስ ብሎ ሲጣደፍ . . .»

«ልጅቱ ደስ ብሏታል?»

አልጋነሽ ቀና አለች። «የእኛ ደስታ መቼ ተጠይቆ ያውቃል፣ ግራዝማች? እኔ ስዳር አሻንጉሊቴን በጉያዬ ይዤ ነው የሄድኩት።»

«ጠዋት እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ ብቻ። አባትና ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ልጄ ቅዳሴ አስጨርሳ ስትመለስ መርዶ ጠበቃት።»

ግራዝማች የቤቱን አየር ሳቡ። የሚፈልጉትን አገኙት፤ ባያገኙት ደስ ባላቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ለአውጫጭኝ፣ ጥፋተኛውን በሸንጎ ለማውጣት፣ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ።

«ይህ ልጥ ተፈታ እንጂ አልተቆረጠም፤» ብለው ጀመሩ። «የደረቀ ልጥ ደግሞ ካልራሰ አይፈታም። የአናጢዎቹ ገንዳ ባዶ ነው። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? እስቲ አሽትቱት።»

ልጡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ወይራ! ወይራ ይሸታል!» አለ አንድ ሽማግሌ።

«አዎ። በወይራ ጢስ ከታጠነ እንስራ የተቀዳ ውሃ ነው። በዚህ ሰፈር ሰሞኑን እንስራ ሲታጠን የሰነበተው ሠርግ ያለበት አንድ ቤት ነው። እምሩ እንደሆነ ወንደላጤ ነው፤ ቤቱ ከአቧራ በቀር የሚታጠን የለውም።» ማንም አልሳቀም። «ልጡን የፈታው ሰው ግን ነፍስ ሊያጠፋ አላሰበም። በርጩማውን ከአግዳሚው ሥር አንሥቶ ጥላ ሥር አኖረ፤ አባይነህ ድንገት ቢመጣ እዚያ እንዲቀመጥ ነው። ገዳይ ለሚገድለው ሰው ጥላ አይመርጥም። የፈለገው ሥራው እንዲጓተት፣ ሁዳዴ እንዲገባና ሠርጉ እንዲቀር ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ የሺዓለም ዞረ።

«እሷን ቅዳሴ ላይ ብዙዎቻችሁ አይታችኋታል፤» አሉ ግራዝማች። «የቀረውን እኔ ባልናገረው እወዳለሁ።»

አልጋነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። «እኔ ነኝ። አግዳሚው ይወድቃል፣ ኑሪ መልሶ ያስረዋል ብዬ ነው። ባሌ ቅዳሴ ጥሎ ወጥቶ አያውቅም። ኑሪ፣ ስትታሰር ዝም አልኩ። ልጄ አባቷን ባጣችበት ቀን እናቷንም እንዳታጣ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።»

እምሩ የሸማውን ቋጠሮ በጥርሱ ፈታው። ኑሪ ወደ ሸሪፋ ሄደ።

ሰዉ መበታተን ሲጀምር የቤቱ የነፍስ አባት ቄስ ወልደጊዮርጊስ ወደ ግራዝማች ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«አባይነህ ጠዋት ደጀ ሰላሙ ላይ አግኝቶኝ ነበር፤» ብለው አንሾካሾኩ። «ልጅቱ ስታለቅስ ሰምቶ አንጀቱ አልችል ብሎት ሠርጉን ትቶታል። ‹መሐላዬን እንዴት ልፍታ?› አለኝና፣ ‹ከእኔው ጋር እንድትኖር ከአዲሱ ቤት ክፍል የት እንደማወጣላት ልየው› ብሎ እየተጣደፈ ወጣ።»

አልጋነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ዳኛ ለመሄድ ግራዝማች ፊት ቆመች።

«ግራዝማች፣ እርስዎ ሁሉን ደረሱበት። ቅዳሴውን ጥሎ ምን ሊያደርግ መጣ?»

ግራዝማች እሸቴ ፊቷን አዩ። ባወቁት ነገር ዋሽተው አያውቁም፤ አራዳም የሚያከብራቸው በዚሁ ነው።

«እንጃ፣ ወይዘሮ አልጋነሽ፤» አሉ። «እሱን አልደረስኩበትም።»

እሷም የልጇን እጅ ይዛ ከፊታቸው ቁልቁል ወረደች።