የናሱ ፈረስ

«ያ ናስ የተመታበት ቤት ለቅሶ ይገባበታል» ትላለች ጎረቤቴ ማናየሽ። ሱቋን ስትከፍት ትለዋለች፤ ስትዘጋም ትደግመዋለች።

ናሱ ሳንቲም ያህላል። የተጫነ ፈረስ ተቀርጾበታል፤ ኮርቻው ግን ባዶ ነው። የአንዱ ፈረስ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ ያያል። ማን እንደሠራው ሳይታወቅ በእንጅባራ መንገዳችን ላይ በየበሩ ተመትቶ ተገኘ። የእኔን ሱቅ ብቻ ዘለለ። ሰው ለቅሶውን ፈርቶ ሲነቅለው እኔ በእልህ እየሰበሰብኩ ስልክ ከምጠግንበት ጠረጴዛ በላይ በአንድ ሚስማር አንጠለጠልኩት።

የፈረስ ጌጥ ሠሪው ይኸነው በየገበያው ቀን ስልክ ይዞ ይመጣል።

«ዛሬስ ምን ሆነ?»

«ድምፁ ጠፋ።»

«ስልክህ ደህና ነው። ድምፅ የጠፋው ባለቤቱ ነው።»

ይስቃል። ዓይኖቼን ያያል፤ ወዲያው ዓይኑ ወደ ሚስማሩ ይሸሻል። አንድ ቀን ግን «ይህን ፈረስ ምን ትይዋለሽ?» አለኝ።

ሙያዬን ያለ አስተማሪ፣ የሞተ ስልክ እየፈታሁ የተማርኩ ነኝ። «አላውቅም» ማለት ያመኛል።

«ጌታው የሞተበት ነዋ! ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ባዶውን ይወጣል። ይህን በሰው በር የሚመታ ሟርተኛ ነው።»

ጥቀርሻ የያዘ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ባዶ ኮርቻ ለሌላ ጉዳይ አይወጣም?»

«ፈረስ ልታስተምረኝ ነው?»

«ኧረ እኔ ማን ነኝ» አለና ስልኩን ትቶ ወጣ።

በሚቀጥለው ገበያ ስልኩን ወልውዬ ጠበቅኩት። ቻግኒ ወርዷል አሉኝ። እንዳልደውል ስልኩ እኔ ዘንድ ነው፤ እንዳልሄድ ኩራቴ አለ። ክረምቱ ወጣ። አንድ ደንበኛዬ፣ አበረ፣ ሽማግሌ ላከ። አበረ የልቡን በአፉ የሚናገር ሰው ነው፤ እሺ አልኩ።

በሠርጌ ቀን የተሸለመ ፈረስ ደጃችን ቆመ። ኮርቻው ባዶ ነበር።

«ማን ሞተ?» አፌ ቀደመኝ።

ፈረሱን የሚስበው አያ አስማረ፣ የይኸነው አጎት፣ ከት ብሎ ሳቀ። «ወይ የከተማ ልጅ! አንቺ እንድትቀመጪበት ነዋ ባዶውን የመጣው።»

በፈረሱ ግንባር ላይ ያ ናስ ያብረቀርቃል።

«ይህንን ማን ሠራው አያ?»

«ይኸነው ነዋ። መዶሻ አቀባዩ እኔ ነበርኩ። አንዲት ልጅ ወዶ፣ ስሟንም አልነገረኝ፣ በሯ ላይ ቢመታው ሰው እንዳያማት ሰግቶ ጎረቤቶቿ በር ላይ መታው።» እርካቡን ያዘልኝ። «ከመንገዱ ላይ በኩል ያሉት ፈረሶች ወደ ታች፣ ከታች ያሉት ወደ ላይ ነበር የሚያዩት። ሁሉም ወደ እሷ ደጅ።»