ጤፉ ሳይዘራ

«ነገርኋትኮ! በኅዳር ሚካኤል የጤፍ ነዶ አትሸከሚ ብዬ ለመንኋት። እነሆ፣ በልጁ ጀርባ ላይ ወጣ!»

የአባቷ እህት እቴቴ ወለተ ጊዮርጊስ ይህን ሲሉ አምለሰት ከትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነበር። እናቷ ፋናዬ መደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ትናንት የተወለደው ወንድሟ በሆዱ ተደፍቷል፤ ወገቡ ላይ የእንቁላል አስኳል የምታህል እብጠት በእርጥብ ፋሻ ተሸፍናለች። ያዋለደቻት ነርስ «አከርካሪው እዚች ላይ አልገጠመም። ሳይውል ሳያድር ባሕር ዳር ሄዶ ይሰፋ፤ ከመረቀዘ ልጁን ታጡታላችሁ» ብላ ነበር።

«የትም አልሄድም» አለች ፋናዬ። «ያስቀየምሁት ሚካኤልን ነው፤ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?»

አባቷ አድማሴ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። «እንግዲህ እሷ እንቢ ካለች…» ይላል፣ ይተወዋል።

አምለሰት ደሟ ፈላ። ኧረ እንዴት አይፈላ! ግን በዚያ ቤት ታላቅ ሲናገር ልጅ አይመልስም፤ ምላሰኛ የተባለች እንደሆነ ወሬዋ ከቡሬ አልፎ ፍኖተ ሰላም ይገባል። ቦርሳዋን ቀስ ብላ አወረደች።

«እቴቴ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የዘንድሮ ጤፋችን መቼ ነበር የተዘራው?»

«በሐምሌ ነዋ! የገበሬ ልጅ ሆነሽ ይሄ ይጠፋሻል?»

«አልጠፋኝም።» አምለሰት የእናቷን ነጠላ አንስታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የባዮሎጂው ቲቸር ታደለ ክፍል ውስጥ በወረቀት ያሳያቸውን ነበር የምታደርገው። «ልጅ መጀመሪያ ማሕፀን ውስጥ ጀርባው እንዲህ ዝርግ ነው። ከዚያ ሁለቱ ጠርዞች ይነሱና ይጋጠማሉ፤ ቱቦ ይሆናል። ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው እሱ ነው፤ አጥንቱ ኋላ ዙሪያውን ይከበዋል። ጠርዞቹ አንድ ቦታ ላይ ሳይጋጠሙ ከቀሩ አጥንቱም እዚያው ክፍት ይቀራል።» ነጠላውን ጠቅልላ ጠርዞቹን አገጣጠመች። «ይሄ ሁሉ በመጀመሪያው ወር ያልቃል። በየካቲት የተወለደ ልጅ በግንቦት ተጸንሷል፤ ጀርባው በሰኔ አልቋል። እማዬ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ! ያ በሚካኤል የተሸከመችው ጤፍ ያኔ ገና አልተዘራም ነበር።»



«ታዲያ ከምን መጣ?» አሉ እቴቴ።

«አንዳንዴ ከምግብ የሚጎድል ነገር አለ፤ አንዳንዴ ሐኪምም አያውቀውም። ከነዶው ግን አይደለም።»

ፋናዬ ዞረች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «በሰኔ? እውነትሽን ነው?»

«በሰኔ፣ እማዬ። ሚካኤልን!»

ፋናዬ ልጇን አየችው፤ አየችውና እግሯን ከመደቡ አወረደች። «አድማሴ፣ መኪና ፈልግ።»

«አራስ ክርስትና ሳታስነሳ ከቤት ልትወጣ?» እቴቴ ጮኹ። አድማሴ ባርኔጣውን ደፍቶ መኪና ፍለጋ ወጥቷል።

አምለሰት ነገ ፈተና አለባት። ቢሆንም ወንድሟን ክንዷ ላይ በሆዱ አስተኝታ ታቀፈችው፤ ጀርባው እንዳይነካ እስከ ባሕር ዳር አንድ ሰው እንዲህ ሊይዘው ይገባል።

በሩ ላይ እቴቴ ቀደሟቸው። ከጓዳ ያመጡትን ትንሽ ቢላዋ ለፋናዬ አስጨበጧት። «አራስ ያለ ብረት አትወጣም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ልጁንም ነፋስ እንዳይመታው።»

አምለሰት ስለ ብረቱ የምትለው ነበራት። ዋጠችው።

«እሺ እቴቴ» አለችና ወጣች።