በሟቹ ብርጭቆ ላይ የተገኘው ኩል

መምህር ደባልቄ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። አዲሱ ክልል ማኅተሙን ገና እያስቀረጸ በነበረበት ዓመት፣ አሶሳ ላይ የቃላት መዝገብ ያዘጋጁ ነበር። በሻይ ብርጭቆው አፍ ላይ ኩል አለ፤ አጠገቡም የኩል ብልቃጥ። ሐኪሙ «የአይጥ መርዝ ነው» ቢልም፣ ፖሊስ ኩሉን ብቻ አይቶ «የሴት ሥራ ነው» ብሎ፣ የአገሬውን ቋንቋ ቃላት የምትነግራቸውን ሳናን አሰረ። የሚጠባ ልጇን ከጡቷ ነጥቀው! ማን ይስማት?

በሦስተኛው ቀን መርማሪ ትሩፋት መጣች። መጀመሪያ የሟቹን ረዳት ኤልያብን ጠየቀችው።

«ሳናን ያን ዕለት አይተሃታል?»

«ሻዩን ይዛ ስትገባ። እንደ ሁልጊዜው ኩል ተኩላ ነበር።»

«አሶሳ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ወር ቢሆነኝ ነው።»

ቀጥሎ ዘበኛውን ጠየቀች። «አባባ ሐምዳን፣ እዚህ ክፍል ማን ይገባል?»

«እኔ፣ ሳና፣ ኤልያብ። አሁን ማንም አይገባም። ወላሂ፣ መብራት ሲመጣ መምህር ያወራል!»

ትሩፋት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሳናን ከእስር ቤት አስመጣቻት። ጠፍቶ የነበረው መብራት ሲመጣ መደርደሪያው ላይ እንደተከፈተ የተረሳው ቴፕ ዞረ፤ ካሴቱን ራሱ የሚያገላብጥ ዓይነት ነው። የሟቹ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«የፈረንሳዮቹ ‹አልኮል› ከአረቡ ‹አል-ኩሕል› የመጣ ነው፤ የዓይን ኩል። ከዚያም በፊት በባቢሎን አገር ይታወቅ ነበር። መጀመሪያ የላመ ዱቄት፣ ኋላ የተጣራ ነገር፣ በመጨረሻ መጠጥ ሆነ። አንቺስ ልጄ፣ ኩል አለሽ?»

ከቴፑ የሳና ድምፅ መለሰ፦ «አሁን እኔ አይነካም። ባል ሞተ ሁለት ወር። አራት ወር ከአሥር ቀን ኩል የለም፣ ሐራም ነው።»

ትሩፋት ቴፑን አጠፋች። «አባባ፣ እውነት ነው?»

«እውነት። ሁላችን እናውቃለን።»

«እንግዲያው ኩሉን ያስቀመጠው ይህን የማያውቅ ሰው ነው። ሐምዳን ያውቃሉ፣ ሳና ደግሞ ሐዘንተኛዋ ራሷ ናት። ኤልያብ፣ አንተ ከመጣህ ወር ነው፤ ባሏ ከሞተ ሁለት ወር። ኩል ተኩላ አይተሃት አታውቅም! ሻዩን ይዛ ገባች ያልከውም ውሸት ነው፤ የሰጠሃቸው አንተ ነህ።»

ኤልያብ ቴፑን እያየ፣ «ጠፍቷል? በእርግጥ ጠፍቷል?» አለ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «መዝገቡን የራሴ ሥራ አስመስዬ በስሜ እንዲታተም አዲስ አበባ ልኬ ነበር። መምህር ደረሱብኝ።»

ሳና ግን አልሰማችውም። እህቷ ሕፃኑን ይዛ ደጅ ቆማ ስለነበር ሮጣ ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጡቷን ብትሰጠው ሕፃኑ አልያዘም፤ ሦስት ቀን ከርሞ ረስቷት ኖሯል። ከዚያ ያዘ። ሳናም ጮክ ብላ አለቀሰች።