ጠግቦ የሚራበው ጫካ

«ሩኪ፣ ግፊው እንጂ! ዳገቱ ላይ እንዳትለቂው!»

ሩክያ ጥርሷን ነክሳ ጋሪውን ገፋች። የተጫነው የዶሮ ኩስ ነው፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። አባቷ ኢስማኢል ከፊት ሆኖ በገመድ ይጎትታል። ለነቀምቴ ሆቴሎች እንቁላል ማቅረብ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ኩሱን ጎረቤቶቹ ለበቆሏቸው ቢለምኑትም እምቢ ብሏቸዋል። «ይኼ የናቴ ሰደቃ ነው» ይላቸዋል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ያመጣችው እናቱ ነፊሳ ያረፈችው ከመንደሩ በላይ ባለው የመቃብር ጫካ ነው። ጥላው እንዲበዛላት እያለ፣ መቃብሮቹን ሳይነካ ከዛፎቹ ሥር ያራግፈዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ጫካው ጉድ አሰኝቶ ነበር። ቅጠሉ ጠቆረ፣ ቅርንጫፉ ተንሰራፋ፤ ሰው ሁሉ ኢስማኢልን መረቀው። አሁን ግን ዝግባዎቹ ከአናታቸው ጀምረው መድረቅ ይዘዋል። ሳማው የመቃብር ድንጋዮቹን ውጧቸዋል። በክረምት መውጫ ብቅ ብቅ ይል የነበረው እንጉዳይ የለም። የአምናው ቅጠል ሳይበሰብስ ተከምሯል፤ ሲረግጡት ከኋላ ሰው የሚከተል ይመስላል። መንደርተኛው «ሙታኑ አዝነውብናል» እያለ ልጆቹን ወደዚያ መላክ ትቷል።

ሩክያን የሚያስፈራት ግን መምህር ሞረዳ ትናንት ክፍል ውስጥ ያሉት ነገር ነው።

«ዛፍ ቅጠሉን ይጥላል፤ ቅጠሉ በስብሶ መልሶ ዛፉን ይመግባል» ብለው ነበር፣ ሰሌዳው ላይ ክብ እየሳሉ። «ናይትሮጂን ከልኩ ሲያልፍ ይኼ ዙር ይናጋል። አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ ካልሲየሙን ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል፤ ሥሩን የሚረዱት ፈንገሶች ይመናመናሉ። ዛፉ ጠግቦ ይራባል በሉት።»

«ናይትሮጂኑ ከየት ይመጣል ቲቸር?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ዱረቲ።

«ከዩሪያ፣ ከከብት ፍግ፣ ከዶሮ ኩስ... ገባሽ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?»

ከሁሉ በላይ የገባት ሩክያ ነበረች፤ መጻፏን ትታ ሰሌዳው ላይ አፈጠጠች። ዱረቲ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «አንቺ፣ ምነው? ጂን አየሽ እንዴ?»

ጋሪው ጫካው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ኢስማኢል ገመዱን ለቀቀና አናቱ የደረቀውን ዝግባ ሽቅብ አየ። ከሥሩ ያለው የነፊሳ መቃብር በሳማ ተሸፍኖ አይታይም።

«ምን በደልኳት?» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «በህልሜ እየመጣች ‹ራበኝ› ትለኛለች። ከዛሬ ጀምሮ እጥፍ እናመጣላታለን፣ ልጄ።»

«አባዬ...»

«አብሽሪ፣ አይከብድሽም። እኔው እጭነዋለሁ።»

ዝም ብትል አባቷ በገዛ እጁ ጫካውን ይጨርሰዋል። ብትናገር ደግሞ፣ ሦስት ዓመት የደከመበትን ሰደቃ መርዝ ነበር ልትለው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለአባት እንዴት ተብሎ ይነገራል? ነፋስ የሚባል አልነበረም፤ ቢሆንም ከጫካው ውስጥ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ዞራ ለማየት አልደፈረችም።

ኢስማኢል አካፋውን አነሳ። ሩክያ እጀታውን ያዘችበት።

«አባዬ፣ አያቴ የራባት አንሷት አይደለም» አለች። «አብዝተንባት ነው።»

ትክ ብሎ አያት። «ምን አልሽ አንቺ?»

«ትንሽ ቁጭ በልና ልንገርህ።»

አባቷ እጀታውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። አካፋውን ግን አልለቀቀችም።