ነጩ ኮራል አልሞተም ነበር

አዝሊፍን ያወቅሁት አፌ ተለጉሞ ሳለ ነው። የእሱም እንደዚያው። ከባሕሩ ወለል አስራ ስምንት ሜትር ወርደን፣ ሁለታችንም የአየር ቱቦ ነክሰን፣ ግማሽ ፊታችን በመነጽር ተሸፍኖ። እናቴ አላህ ይማራትና፣ ይህን ስነግራት «ምላስሽን ቀድሞ ቢሰማ ኖሮ ገና ድሮ በሸሸሽ» ብላኛለች።

የዚያን ቀን አራት ቱሪስቶች አስከትዬ ጠልቄ ነበር። ዞር ብዬ ስቆጥር ሦስት ናቸው። አራተኛውን፣ አንድ ወፍራም ሽማግሌ፣ ውሃው ጠርጎ ወስዶታል። ከዚያ ከሰማያዊው ውስጥ አንድ ረጅም ወጣት ሽማግሌውን እጁን ይዞ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት እንደሚመልስ አባት ቀስ እያለ መጣ። ወገቡ ላይ ካንጠለጠላት ትንሽ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ጻፈና አሳየኝ።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

ሰሌዳውን ነጠቅኩትና «አዎ። አመሰግናለሁ። አሁን ሂድ» ብዬ ጻፍኩ።

አልሄደም። አየሬ አልቆ እስክወጣ ድረስ ከጎኔ ዋኘ። ጀልባ ላይ መነጽሩን ሲያወልቅ አወቅሁት። በዘጠኝ ዓመቱ ለትምህርት ወደ ዋና ከተማችን ወደ ማሌ የተላከው የእትዬ ዙለይካ ልጅ ነው።

«አንተ ያ አፍንጫው የማይደርቀው ነህ?» አልኩት።

«ዛሬም አልደረቀም። ባሕር ውስጥ ስለምውል አያስታውቅም እንጂ» አለኝ።

ሳቅኩ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በዚያች ሳቅ ነው።

ሁለት ዓመት አብረን ጠለቅን። ቱሪስቶቹ ማልዲቭስ ገነት ናት እያሉ ፎቶ ሲያነሱ፣ እኛ በጣት ምልክት እንነጋገራለን። ጣቶቹን እንደ ማበጠሪያ ዘርግቶ ሲያወዛውዝ «ጸጉርሽ የባሕር አረም መስሏል» ማለቱ ነው። ዓይኑ ግን ሌላ ይናገራል። እኔ ሰው ሲያየኝ ዓይኔን የማልሰብር ሴት፣ እሱ ሲያየኝ አየሬን ቶሎ እጨርስ ነበር።

አባቴ ዋሒድ ነገሩን ሲሰማ አዝሊፍን አስጠራው። ግቢያችን ውስጥ ከመረብ የተሠራው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በአገራችን ከምግብ በኋላ የሚታኘከውን የቢተል ቅጠል እያኘከ፣ ብዙም ሳይቆጣ ጠየቀው።

«ልጄን ብሰጥህ የት ታስተኛታለህ?»

መልሱን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«እናትህ ቤት በሁለት ክፍል አስራ አንድ ሰው ነው። የምትተኙት በተራ ነው። እኔም አምስት ልጅ በአንድ ክፍል ስላሳደግኩ አውቀዋለሁ። ልጄ እንቅልፍ በተራ እንድትጠብቅ አልፈልግም። ቦታ ያገኘህ ቀን ና፣ ከዚያ ወዲያ አልከለክልህም።»

በእኛ ደሴት ቦታ የሚሰጠው ምክር ቤቱ ነው፤ የሚሰጠው ካለቀ ግን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ደሴቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሩብ ሰዓት ታልቃለች። የቀረው ባሕሩን ሞልቶ መሬት ማውጣት ነበር። አሸዋ የሚመጥ መርከብ ይመጣል፣ የምሥራቁ ኮራል፣ ያ ሕያው የባሕር ዐለት፣ ይቀበራል፣ በላዩ ስልሳ ቤት ይወጣል። ከስልሳው አንዱ የእትዬ ዙለይካ ነው። ኮራሉ ደግሞ የእኔና የአዝሊፍ እንጀራ ነው።

ደንቡ አንድ ነገር ይላል። ከግማሽ በላይ ሕይወት ያለው ኮራል አይቀበርም። ስለዚህ መቆጠር ነበረበት። ቆጣሪ ሆኖ የተመረጠው አዝሊፍ ነው።

በሚያዝያ ባሕሩ እንደ መታጠቢያ ውሃ ሞቀ። ኮራሉ ከዳር እስከ ዳር ነጣ። ኮራል ሲሞቀው የሚመግቡትንና ቀለም የሚሰጡትን በውስጡ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ይተፋል። ይነጣል፣ ይራባል፣ ግን በሕይወት ይቆያል፤ ውሃው በጊዜ ከቀዘቀዘም ያገግማል። ይህን የማያውቅ ጠላቂ በደሴታችን የለም። ጀልባ ላይ የቆመ ሰው ግን ያን ንጣት ሲያይ አጥንት ነው ይላል።

የቆጠራውን ቅጽ የአየር ሲሊንደር የምንሞላበት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። «ሕይወት ያለው፦ ከመቶ አስራ አራት።» ሁለቴ አነበብኩት። ከሥር ፊርማው አለ።

«ነጩን ከየትኛው ቆጠርከው?» አልኩት ሲገባ።

የያዘውን ሲሊንደር ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«አዝሊፍ፣ ነጩን ከሞተው ቆጠርከው?»

«መሞቱ አይቀርም እኮ፣ ናጅዋ።»

«ዛሬ ሞቷል ወይ ነው ያልኩህ።»

«እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታድረው» አለኝ። «አባትሽ ያለውን ሰምተሻል። ሌላ ምን ላድርግ? በየት በኩል ላግባሽ?»

ባቅፈው በወደድኩ። ንዴቴ ቀደመኝ። «ሕያው የሆነውን ሞተ ብለህ በላዩ ለምትሠራው ቤት ሌላ ሚስት ፈልግ» አልኩት። ያን ቃል ስናገር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። ልክ መሆን ምን እንደሚያስከፍል ግን አላውቅም ነበር።

አርብ ከሶላት በኋላ ሕዝቡ ለቦታ ድልድሉ የምክር ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። አዝሊፍ ማንም ሳይጠራው ተነሣ።

«ቆጠራው ውሸት ነው» አለ። «የነጣውን ሁሉ ሞተ ብዬ ነው የጻፍኩት። አልሞተም። ከግማሽ በላዩ በሕይወት አለ።»

አንድ ሽማግሌ «ታዲያ ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብለው ጠየቁት።

«ቤት ስለፈለግሁ» አለ።

የእኔን ስም አላነሳም። ማንሳት አላስፈለገውም፤ በደሴታችን ማን ማንን እንደሚወድ ዓሣውም ያውቃል። እትዬ ዙለይካ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ ቀስ ብላ «እንኳን ደስ ያለሽ። እንግዲህ ዓሦቹ ያግቡሽ» አለችኝ።

ድልድሉ ቀረ። ስልሳ ቤተሰብ ሰላምታ ነሳን። ሱቅ ስንገባ ወሬ ይቋረጣል። የጀልባው ባለቤት አዝሊፍን «ለጊዜው እረፍ» አለው፤ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ያልፋል» እለው ነበር። «ዝናቡ ይመጣል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። ኮራሉ ቀለሙ ሲመለስ ሰዉም ልቡ ይመለሳል። አባዬንም እኔ አሳምነዋለሁ።»

ዝናቡ ዘገየ። በየማለዳው እየጠለቅን የውሃውን ሙቀት እንለካ ነበር። አንድ ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ ሰባት ሳምንት፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በነጩ ላይ ቡናማ ዝቃጭ መሰል አረም ማቆጥቆጥ ጀመረ። ሕያው ኮራል ላይ አረም አይበቅልም። አዝሊፍ በጣቱ አንዷን ቅርንጫፍ ነካ አደረጋት፤ ተሰብራ ወደቀች። መነጽሬ ውስጥ እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅሁት ማየት ሲያቅተኝ ነው።

ወደ ላይ ወጥተን ጀልባዋን ይዘን ተንሳፈፍን።

«ቆጠራዬ ልክ ሆነ» አለ። እየቀለደ አልነበረም።

«ስትቆጥረው ግን በሕይወት ነበር» አልኩት።

«አዎ» አለ። «ነበር።»

ቤቱም ቀረ፣ ኮራሉም ቀረ። ቱሪስት የሞተ ነገር ሊያይ አይመጣም፤ የጠላቂ ሥራ በአንድ ወር ውስጥ ተዘጋ። አዝሊፍ ማሌ ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ የመፋቅ ሥራ አገኘ። ጀልባው ሊነሣ ሲል «ውሰደኝ» አልኩት።

«ስድስት ወንዶች ነን አንድ ክፍል የምንከራየው። የት ላስገባሽ?»

«በር ላይ እተኛለሁ።»

ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን አዞረ። መሄድ ነበረብኝ። ዝም ብዬ ዘልዬ ጀልባው ውስጥ መግባት ነበረብኝ። እወደው ነበር፣ ዛሬም እወደዋለሁ፤ እግሬ ግን መሳፈሪያው ላይ ቀረ።

በዓመቱ ሌላ ቆጣሪ መጣ። የሚቆጠር ሕይወት አልነበረም። አሸዋ መጣጩ መርከብ ለአምስት ወር ሌት ተቀን አጓራ፤ ባሕሩ ወተት መሰለ፤ ምሥራቁ መሬት ሆነ። ለእትዬ ዙለይካ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደረሳት። ቤቱ ያለቀ ቀን እጄን ይዛ አስገባችኝና አንድ በር ከፈተች። ክፍሉ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል።

«የእናንተ ነው» አለችኝ። «የዛን ቀን ክፉ ተናግሬሻለሁ፣ ልጄ። አንቺ ደውይለት። የኔን ስልክ አያነሣም፣ አፍሮ።»

ደወልኩ።

«ቤት ወጥቶልናል» አልኩት። «ክፍሉ ተቀብቷል። አባዬም ቃሉን አላጠፈም። ና።»

ትንፋሹ ይሰማኛል። «የት ጋ ነው የወጣው?»

«ምሥራቅ።»

«አንቺ እዚያ ላይ መተኛት ትችያለሽ?»

«ከአንተ ጋር ከሆነ እችላለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው። ደክሞኝ ነበር፣ ናፍቆኛልም።

«እኔ አልችልም፣ ናጅዋ። ያኔ እችል ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከተነሣሁ በኋላ ግን አልችልም። አንቺ ና ትያለሽ፣ ልቤም ሂድ ይለኛል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን አየር ያጥረኛል።»

«እሺ፣ እኔ ልምጣ።»

«ዛሬም ስድስት ነን» አለ።

ማናችን ቀድመን እንደዘጋን አላስታውስም። እትዬ ዙለይካ ሰማያዊው ክፍል በር ላይ አንሶላ ይዛ ቆማለች።

«መቼ እመጣለሁ አለ?»

«በሚቀጥለው ወር» አልኳት።

ዛሬም ስትጠይቀኝ እንደዚያው ነው የምላት። አራት ዓመት ሆነን። አንሶላውን በየወሩ እያጠበች ታነጥፈዋለች።