ወደ ታች የጎበጠው ብርሃን

«ጠበቃ፣ ይሄን ፎቶ መቼ ነው ያነሳሽው?»

ድንቢጥ ይህን የጠየቀችው ሰሌዳቸው ላይ ወዳለው ሦስተኛ ፎቶ እየጠቆመች ነው። የሳይንስ ውድድሩ ዳኞች እነሱ ጋ ለመድረስ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ቀርቷቸዋል።

«ባለፈው ሳምንት ነዋ! አንቺ እናትሽን ሐኪም ቤት የወሰድሽ ቀን» አለች ጓደኛዋ፣ የሰሌዳውን ጠርዝ እያስተካከለች። በክርክር ተረትታ ስለማታውቅ ክፍሉ በሙሉ ጠበቃ ነው የሚላት። ድንቢጥም በቁመቷ ማጠር ምክንያት እውነተኛ ስሟ ከተረሳ ቆይቷል።

ሰሌዳው ላይ ሦስት ፎቶዎች ተለጥፈዋል። ጠረጴዛቸው ላይ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ የታሰረውን ትልቅ የስታዲየም አምፖል፣ በሳጥኑ መመልከቻ መስኮት ጥቁር መስታወት አሳልፈው ያነሷቸው ናቸው። አምፖሉ ውስጥ ክር የለም፤ ብርሃኑ ራሱ በጋዙ መሃል ከጫፍ ጫፍ ይዘረጋል። አንደኛው ፎቶ ላይ እንዳለው አምፖሉ ሽቅብ ሲቆም ብርሃኑ ቀጥ ይላል። ሁለተኛው ላይ እንዳለው ሲጋደም ግን እንደ ቀስት ወደ ላይ ይጎብጣል። የጋለ ጋዝ ቀላል ነው፤ ቀዝቀዝ ያለውና ከበድ ያለው ጋዝ በመሬት ስበት ሲወርድ የጋለውን ሽቅብ ይገፋዋል፣ ብርሃኑም አብሮ ይነሳል። የፊዚክስ መምህራቸው ኮንቬክሽን እያሉ ያስተማሯቸው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ፎቶ ሥር «አምፖሉ እንደተጋደመ ሲገለበጥ» ተብሎ ተጽፏል። ብርሃኑ ወደ ታች ጎብጧል።

«አምፖሉን ብትገለብጪው መሬት አብራ አትገለበጥም እኮ» አለች ድንቢጥ በሹክሹክታ። «የጋለው ጋዝ ያው ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ምን አድርገሽ ነው?»

ጠበቃ ግራ ቀኝ አየች። «አጥፍቼ ስገለብጠው አልበራም አለኝ። ለካ እስኪቀዘቅዝ እሺ አይልም። ዘበኛው ደግሞ ልዝጋ እያለ ያጣድፈኛል። በቃ፣ ሁለተኛውን ፎቶ ገለበጥኩት። ብርሃኑም አብሮ የሚዞር መስሎኝ ነዋ!»

 ዳኞቹ ጎረቤት ጠረጴዛ ደርሰዋል። ድንቢጥ እጇን ሰድዳ ፎቶውን ከሰሌዳው ላይ ነቀለችው።

«ጎበዝ! አሁን ቀና አድርገሽ ለጥፊው» አለች ጠበቃ። «ያኔ ወደ ላይ ይሆናል። ልክ ይሆናል አይደል?»

ልክ ይሆናል። ድንቢጥን ያስጨነቃት ይኸው ነበር። መልሱ ትክክል፣ የሚያውቅባቸውም የለም። ደግሞ ወደዚህ ትምህርት ቤት በተዛወረች ሰሞን፣ ዞር ብሎ የሚያያት ሲጠፋ፣ አጠገቧ መጥታ የተቀመጠችው ጠበቃ ብቻ ናት።

«ባክሽ እንዳታስበዪን» አለች ጠበቃ።

ዳኞቹ መጡ። ጠበቃ እንደ ልማዷ አንደበቷ ተፈታ፤ ፎቶው የተነቀለበት ባዶ ቦታ ጋ ስትደርስ ግን ተንተባተበች።

«እጅሽ ላይ ያለውስ?» አለች አንደኛዋ ዳኛ።

ድንቢጥ ፎቶውን ለዳኛዋ አሳየቻት። «ይሄኛውን ሙከራ አልሠራነውም። ፎቶው ያው ሁለተኛው ነው፤ ዘቅዝቀን ነው የለጠፍነው። አምፖሉ ቢገለበጥም ብርሃኑ ወደ ላይ የሚጎብጥ ይመስለኛል፤ ግን አላየነውም።»

የጠበቃ ፊት ፍም መሰለ። ዳኛዋ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። «እንግዲያው ሌሎቹን ጨርሰን ልናየው እንመለሳለን» ብላ አለፈች። የተቆጣችም የተደሰተችም አትመስልም ነበር።

«ገደልሽን» አለች ጠበቃ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ድንቢጥ የሳጥኑን ጫፍ ይዛ ለመገልበጥ ታገለች፤ ከበዳት። ብርሃኑ ወደ ታች ቢጎብጥስ? መጽሐፉ አይሆንም ይላል፤ እሷ ግን በዓይኗ አላየችም። 

ሳጥኑ በድንገት ቀለላት። ጠበቃ በዚያኛው በኩል ይዛለች፤ ፊቷን ግን አዙራለች።

«ጣትሽን ጠብቂ» አለች ባኮረፈ ድምፅ።

ዛሬ ገና ያልበራውን ቀዝቃዛ አምፖል ከነሳጥኑ፣ እንደተጋደመ ገልብጠው አስቀመጡት። ድንቢጥ ማብሪያውን ተጫነችና ከመመልከቻው መስኮት ፊት ዞር አለችላት።

«አንቺ ቀድመሽ እዪ።»